ጥላና ማስረጃ፦ ራጅና ተከታዮቹ እንዴት ታመኑ?

በሜይ 1896 ከኢትዮጵያው ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የኢጣሊያ ወታደሮች ኔፕልስ ከተማ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ተኝተው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ክንዳቸው ውስጥ ጥይት ቀርቶባቸዋል። የሆስፒታሉ ሐኪም ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ጥይቱ የት እንደተሸጎጠ ለማወቅ ክንዳቸውን ራጅ አነሣ። በጦርነት የቆሰለ ሰው በራጅ ሲመረመር ይህ በታሪክ የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ጀርመን አገር ቩርዝቡርግ ውስጥ ጨረሩን ያስተዋለው ኖቬምበር 8 ቀን 1895 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የአምባላጌው ውጊያ አንድ ወር፣ ዓድዋ ደግሞ አራት ወር ያህል ሲቀረው። የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ ወደ ደቡብ ሲገፋ የትኛውም የጦር ሐኪም ስለ ጨረሩ የሰማው ነገር አልነበረም። ከሽንፈቱ የተረፉት ቁስለኞች አገራቸው ሲገቡ ግን መሣሪያው ሆስፒታል ውስጥ ቆሞ ጠበቃቸው።

የፍጥነቱ ምክንያት ብዙም ምሥጢር የለውም። ሮንትገን የተጠቀመበት አየር የተመጠጠለት የመስታወት ቱቦና ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ በየዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ክፍል አስቀድሞ ነበረ። ሰውዬው ግኝቱን በባለቤትነት አላስመዘገበም። ጽሑፉንና የባለቤቱን የአና ቤርታን እጅ አጥንት የሚያሳየውን ፎቶግራፍ በአዲሱ ዓመት መግቢያ ለባልደረቦቹ በፖስታ ላከ፤ በቀናት ውስጥ የቪየና ጋዜጣ አወጣው። ከዚያ በኋላ ቱቦ ያለው ሁሉ ሞከረ። ይበልጥ ሊጠየቅ የሚገባው ሐኪሞች ወዲያውኑ ያመኑበት ምክንያት ነው። መልሱ ያለው ጨረሩ መጀመሪያ በተጠየቀው ጥያቄ ላይ ይመስለኛል። ጥይት ብረት ነው፤ ሥጋ ጨረሩን ሲያሳልፍ ብረት ያግደዋል። የጦር ሐኪሙ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የት ነው ያለው? የተሰጠው መልስ እውነት ይሁን ሐሰት በዚያው ቀን ይታወቃል፤ ቢላው ያወጣዋል ወይም ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዚህ በፊት የነበረው ዘዴ ቁስሉ ውስጥ ቀጭን መፈለጊያ ዘንግ መስደድ ነበር። በ1862 ጋሪባልዲ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በጥይት ሲመታ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ኦገስት ኔላቶን ጫፉ ሸክላ የሆነ ዘንግ አሠርቶ ነበር፤ ሸክላው እርሳሱን ሲነካ ጥቁር ምልክት ይዞ ይወጣል። ያም ቢሆን ማረጋገጫ ያለው ምርመራ ነው፤ ነገር ግን ሕመሙ፣ ከሕመሙም በላይ የሚከተለው ምርቀዛ፣ ብዙ ሰው ጨርሷል።

ከኔፕልሱ ምርመራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1898 የሱዳን ዘመቻ፣ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ሜጀር ጆን ባተርስቢ ዓባይ ዳር አባዲያ ላይ የራጅ ክፍል አቋቋመ። ለባትሪው መሙያ የሚሆን የኤሌክትሪክ ኃይል ስላልነበረ ባለ ሁለት መቀመጫ ብስክሌት ከዲናሞ ጋር አያይዞ ወታደሮች እንዲረግጡት አደረገ። በዚያ ሙቀት መርገጡ ራሱ ከዘመቻው የማይተናነስ ሥራ ሳይሆን አልቀረም። ጥይት መኖር አለመኖሩ በተለመደው መንገድ ሊታወቅ ካልቻለባቸው 22 ቁስለኞች በ21ዱ ላይ ራጁ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ። እንዲህ ያለ ውጤት ያየ ሐኪም ጨረሩ ሰውነትን እንደ መስታወት ገልጦ ያሳያል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ሆኖም ከዚህ ያልተለመደ መልካም ዕድል የወጣው እምነት ለቀጣዮቹ ሃምሳ ዓመታት ብዙ ጉዳት አድርሷል።

የሕክምና ምስል ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ማሽን ታሪክ ነው። መጀመሪያ ራጅ ነበረ፣ ከዚያ አልትራሳውንድ መጣ፣ ከዚያ ሲቲ ስካን፣ ከዚያ ኤም አር አይ፤ እያንዳንዱ ከቀዳሚው አጥርቶ አየ፣ ሐኪሙም ከቀዳሚው በተሻለ በሽታ ለየ። ይህ አተራረክ ሐሰት አይደለም፤ ዋናውን ነገር ግን ይዘለዋል። ሰነዶቹን በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ሲያነቡ የሚታየው ሌላ ነው። ምስል የበሽታ ማስረጃ መሆን የቻለው ከራሱ ከምስሉ ውጭ የሆነ ማረጋገጫ ባገኘበት ቦታ ብቻ ነው፦ የቀዶ ጥገና ቢላ፣ የአስከሬን ምርመራ፣ የአክታ ምርመራ፣ ወይም የጤነኛ ሰው ሰውነት ምን እንደሚመስል የሚናገር ታማኝ መዝገብ። ይህ ማረጋገጫ በሌለበት ጊዜ በጣም ጥርት ያለው ምስል እንኳ ሐኪሙን አሳስቷል። የጠራ ምስል የሚያሳስተው ከደበዘዘው ይልቅ ነው፤ የደበዘዘውን ማንም ይጠራጠረዋልና።

ለዚህ ከሁሉ የከፋው ምሳሌ የቲመስ ጉዳይ ነው። ቲመስ ከደረት አጥንት በስተኋላ፣ ከልብ በላይ የሚገኝ ለስላሳ አካል ነው፤ በሕፃንነት ትልቅ ሆኖ ዕድሜ ሲገፋ ይሟሽሻል። በ1889 ቪየና ውስጥ አርኖልድ ፓልታውፍ የተባለ ሐኪም በድንገት የሞቱ ሕፃናትን አስከሬን መርምሮ ቲመሳቸው ከመጠን በላይ ትልቅ ነው አለ፤ ይህንንም ለድንገተኛ ሞት የሚያጋልጥ ልዩ የሰውነት ሁኔታ አድርጎ ገለጸው። ሐሳቡ በአውሮፓና በአሜሪካ ተስፋፋ። ራጅ ሲመጣ በሕይወት ያለ ሕፃን ቲመስ በደረት ፊልም ላይ ሰፊ ጥላ ሆኖ ይታይ ጀመር፤ ፍርሃቱም ምስል አገኘ። በ1907 ሲንሲናቲ ውስጥ አንድ ሐኪም የሕፃንን ቲመስ በጨረር አሟሸሸው። ጥላው ጠበበ፣ ሕፃኑም ዳነ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አራት አሥርት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት፣ ብዙዎቹ ምንም ሕመም ሳይኖራቸው፣ ለጥንቃቄ ተብሎ አንገታቸውና ደረታቸው በጨረር ተመታ። የቶንሲል ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ስለሆነ ብቻ አስቀድሞ ጨረር የተሰጣቸውም ነበሩ።

ስሕተቱ የተፈጠረው ከፊልሙ አልነበረም። ፊልሙ ያሳየው እውነቱን ነው፤ ሕፃናቱ ትልቅ ቲመስ ነበራቸው። ችግሩ ሐኪሞቹ ጤነኛ ቲመስ ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቁት ከየት ነው የሚለው ነበር። የሚያውቁት ከአስከሬን መመርመሪያ ክፍል ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርቡት ሕፃናት ደግሞ አብዛኞቹ የድሃ ልጆች፣ በተቅማጥ፣ በረሃብና በረጅም በሽታ የመነመኑ ነበሩ። ቲመስ በረሃብና በበሽታ ጊዜ በፍጥነት ይሟሽሻል፤ ስለዚህ በመጻሕፍት ላይ እንደ ልክ የተጻፈው መጠን የታመመ ሕፃን መጠን ነበር። በድንገት የሞተ ሕፃን ግን ሳይመነምን ስለሚሞት ቲመሱ እንደ ጤነኛ ሕፃን ትልቅ ሆኖ ይገኛል። ማለትም በሽታ የተባለው ጤንነት፣ ጤንነት የተባለው በሽታ ነበር። በብሪታንያ ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመ ኮሚቴ በ1931 እንዲህ ያለ የሰውነት ሁኔታ ስለመኖሩ ማስረጃ እንዳላገኘ ቢያስታውቅም ሕክምናው ወዲያው አልቆመም፤ ጥላው ፊልሙ ላይ አሁንም ይታይ ነበርና። በ1950 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች የታይሮይድ ካንሰር የያዛቸውን 28 ሕፃናትና ወጣቶች ታሪክ ሲመረምሩ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በጨቅላነታቸው ቲመሳቸው በጨረር የተመታ ሆነው አገኟቸው። በሕክምና ምስል ታሪክ ውስጥ በአንድ ጥላ አነባበብ ምክንያት ጤነኛ ሰው የታመመበት ከዚህ የበለጠ ግልጽ መዝገብ አላውቅም።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ ይህ የአንድ የተሳሳተ ጽንሰ ሐሳብ ችግር እንጂ የምስሉ ችግር አይደለም ሊል ይችላል። ፓልታውፍ ራጅ ከመፈልሰፉ በፊት ተሳስቶ ነበር፤ እርግጠኛ በሆነ በሽታ ላይ፣ ለምሳሌ በሳንባ ነቀርሳ ላይ፣ ራጅ ያለ ጥርጥር ሠርቷል። ተገቢ ክርክር ነው፤ ስለዚህ ወደ ሳንባ ነቀርሳው እንሂድ። ሮበርት ኮህ የበሽታውን ባክቴሪያ በ1882 አግኝቷል፤ ስለ በሽታው መኖርም ሆነ ስለ መንስኤው የሚከራከር አልነበረም። በ1936 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ ማኑኤል ደ አብሬው የደረት ራጅን በትንሽ ፊልም፣ በርካሽና በፍጥነት ማንሣት የሚያስችል ዘዴ ሠራ። ከዚያ በኋላ መንግሥታት ሕዝብን በሙሉ ራጅ ማንሣት ጀመሩ። በጦርነቱ ዘመን ምልምል ወታደሮችና የፋብሪካ ሠራተኞች ተሰለፉ፤ በ1957 የግላስጎው ከተማ በአምስት ሳምንት ውስጥ ከ700,000 በላይ ሰዎችን ራጅ አነሣች። ለዚህ ሁሉ ፊልም መሠረቱ አንድ እምነት ነበር፦ ነቀርሳው ሳንባ ላይ ካለ ፊልሙ ላይ ይታያል፣ ፊልሙ ላይ ካለ ደግሞ ሐኪሙ ያየዋል።

የእምነቱን ሁለተኛ ክፍል ያፈረሰው ሌላ ነገር ይፈልግ የነበረ ጥናት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የአሜሪካ መንግሥት ርካሹ ትንሽ ፊልም እንደ ትልቁ ፊልም ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። ከ1,200 በላይ ሰዎች ደረታቸውን በአራት ዓይነት ፊልም ተነሡ፤ አምስት ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ፊልሞቹን እርስ በርስ ሳይመካከሩ እንዲያነቡ ተሰጣቸው። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ጃኮብ የሩሻልሚ ውጤቱን ሲያሰላ በፊልሞቹ መካከል ያለው ልዩነት በአንባቢዎቹ መካከል ካለው ልዩነት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ1947 የታተመው ይህ ውጤትና የተከተሉት ጥናቶች የሚያሳፍር ነገር አሳዩ፦ ጥሩ አንባቢ የሚባለው ሐኪም ሊያያቸው ከሚገቡ የነቀርሳ ምልክቶች ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን ያልፋል፤ ያው ሐኪም ያንኑ ፊልም ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሲያነብ ከአምስት አንድ ያህል ጊዜ ራሱን በራሱ ይቃወማል። ብዙ የራጅ ሐኪሞች ተቆጡ፤ ደረጃቸው የተነካ መስሎ ተሰማቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ጋርላንድ ግን ራሱ የራጅ ሐኪም ሆኖ ሳለ ግኝቱን በሙያ ማኅበሩ ፊት ደጋግሞ አቀረበ፤ አንድ ፊልም በሁለት ሰው ለየብቻ ይነበብ የሚለው አሠራርም ከዚህ ክርክር ጉልበት አገኘ። እኔን የሚገርመኝ ስሕተቱ አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል። የሚገርመው ራጅ ከተፈለሰፈ ሃምሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ አንባቢውን ለመለካት ማንም ከልቡ አለማሰቡ ነው። ቱቦው፣ ፊልሙ፣ የጨረሩ መጠን ሁሉ ተለክቷል፤ ዓይን ግን ልኬት የማያስፈልገው ተደርጎ ቆየ።

ወደ አልትራሳውንድ ስንመጣ ታሪኩ እንደ ታቀደ ሙከራ ነው የሚነበበው። በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት ሐሳብ፣ ሁለት ሰዎች ተነሡ፤ አንዱ ማረጋገጫውን ቀድሞ ሠራ፣ ሌላው ሳይሠራ ቀረ። ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ድምፅ ለፍለጋ መጠቀም የተጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቫን የባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን ለማግኘት ባደረገው ጥረት ነው። በቪየና የነርቭ ሐኪሙ ካርል ዱሲክ ይህን ድምፅ በራስ ቅል በኩል አሳልፎ በሌላው ወገን በመቀበል የአንጎልን ውስጣዊ ክፍተቶች ሥዕል ማውጣት እንደሚቻል አሰበ፤ በ1942 ውጤቱን አሳተመ። ሥዕሎቹ በእርግጥ የአንጎል ክፍተቶችን ይመስሉ ነበር፤ ዱሲክ ሊያይ የጠበቀውን አየ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ቡድን ሥራውን ተከትሎ ገፋበት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግን በጀርመንም በአሜሪካም የተደረጉ ሙከራዎች ሥዕሉን የሚሠራው በአብዛኛው የራስ ቅሉ አጥንት መሆኑን አሳዩ። አጥንቱ እዚህ ወፍሮ እዚያ ሲሳሳ ድምፁን እኩል ስለማያግድ አንጎል መሳይ ጥላ ይወጣል። የዓመታት ሥራ ወደቀ፤ ከእርሱም ጋር አልትራሳውንድ ለአንጎል ምርመራ ይሆናል የሚለው ተስፋ በአሜሪካ ለጊዜው ቀዘቀዘ። የዱሲክን ቅንነት ማንም አልተጠራጠረም። ሥዕሉን ግን አስቀድሞ ከሌላ ነገር ጋር አላመሳከረውም።

ኢያን ዶናልድ በጦርነቱ ጊዜ በብሪታንያ አየር ኃይል ያገለገለ፣ ኋላም በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማህፀንና ጽንስ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ነው። በጁላይ 1955 ሬንፍሩ ወደሚገኘው የባብኮክ እና ዊልኮክስ የእንፋሎት ጋን ፋብሪካ ሄደ። ፋብሪካው የብረት ስንጥቅ የሚፈትሽበት የአልትራሳውንድ መሣሪያ ነበረው። ዶናልድ የያዘው በቀዶ ጥገና ከሴቶች ሆድ የወጡ ዕጢዎችን ነበር፤ አንዳንዶቹ ድፍን የማህፀን ዕጢዎች፣ ሌሎቹ ፈሳሽ የቋጠሩ የእንቁልጢ እባጮች። የፋብሪካው ሰዎች ለማነጻጸሪያ አንድ ትልቅ የበሬ ሥጋ አቀረቡ። ዶናልድ እያንዳንዱ ዕጢ ምን እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል፤ በእጁ ይዞታል፣ ሊሰነጥቀውም ይችላል። ድምፁ ድፍኑንና ፈሳሹን በተለያየ መልክ እንደሚመልስ ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቀን ከዱሲክ የዓመታት ድካም የበለጠ ዋጋ ነበረው ማለት እደፍራለሁ። ከኢንጂነሩ ቶም ብራውንና ከሐኪሙ ጆን ማክቪካር ጋር በ1958 ላንሴት መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍም በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው፤ ምስሉ ያለውን ቀዶ ጥገናው ካገኘው ጋር ያስተያያል። በዚያ ዘመን ከነበሩት ሕሙማን አንዷ ሆዷ አብጦ፣ በራጅ ምርመራ ሊድን የማይችል የጨጓራ ካንሰር ነው ተብላ ተስፋ የተቆረጠባት ሴት ነበረች። አልትራሳውንዱ ፈሳሽ የሞላበት ትልቅ እባጭ አሳየ፤ ሆዷ ሲከፈት የእንቁልጢ እባጭ ሆኖ ተገኘና ወጣላት። ከዚህ በኋላ በግላስጎው የዶናልድን መሣሪያ የሚያላግጥበት ሰው ቁጥር ቀነሰ። ጊዜውም ረድቶታል፤ በ1956 አሊስ ስቱዋርት ኦክስፎርድ ላይ ነፍሰ ጡር ሳለች ሆዷን ራጅ የተነሣች እናት የወለደችው ልጅ በካንሰር የመሞት ዕድሉ እንደሚጨምር ማሳየት ጀምራ ነበርና፣ ማህፀንን ያለ ጨረር ማየት አስቸኳይ ጉዳይ ሆነ።

የሲቲ ስካን ታሪክ በብዙዎች ዘንድ ይበልጥ የታወቀ ስለሆነ እዚህ የምነካው ለክርክሬ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። የሒሳቡን መሠረት በመጀመሪያ ከሠሩት አንዱ አለን ኮርማክ ነው፤ በ1956 ኬፕ ታውን በሚገኘው ግሩት ስኩር ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሙያ ሆኖ ሲያገለግል ሐሳቡ መጣለት፤ በ1963 እና 1964 ያሳተማቸውን ጽሑፎች ግን ያነበባቸው ሰው እምብዛም አልነበረም። ማሽኑን ለብቻው አስቦ የሠራው ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሙዚቃ ሸክላ በሚያሳትመው የኢ ኤም አይ ኩባንያ ውስጥ ኢንጂነር ነበር። በቢትልስ ዘፈን ገንዘብ ተሠራ የሚለው ወሬ የሚጣፍጠውን ያህል እውነት አይደለም፤ ከኩባንያው ይልቅ ብዙ ገንዘብ ያወጣው የብሪታንያ የጤና መሥሪያ ቤት ነው። የሃውንስፊልድ የመጀመሪያ ሙከራ መሣሪያ አንድ ምስል ለማንሣት ዘጠኝ ቀን ይፈጅ ነበር። በፎርማሊን የተጠበቀ የሰው አንጎል ሲያነሣ የአንጎሉ ግራጫና ነጭ ክፍል ተለያይቶ በግሩም ሁኔታ ታየ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያጨበጭብ ነበር። ነገሩ ሲጣራ ፎርማሊኑ ልዩነቱን አጋንኖት እንደነበረ ታወቀ፤ ስለዚህ ትኩስ የበሬ አንጎል ከሥጋ ቤት አምጥቶ ደገመው። ምስሉ ደከም ብሎ ወጣ፤ ያም ሆኖ በቂ ነበር። ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ዊምብልደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል፣ ከራዲዮሎጂ ሐኪሙ ጄምስ አምብሮዝ ጋር፣ የአንጎል ዕጢ የተጠረጠረባት ሴት ተነሣች፤ ምስሉ ግንባሯ በኩል ክብ ጥላ አሳየ። የቀዶ ሐኪሙም ከፍቶ ሲያይ ያገኘው ነገር ልክ ሥዕሉ ላይ እንዳለው መሆኑን ተናገረ። ከዚህ በፊት የአንጎልን ውስጥ ለማየት ዋልተር ዳንዲ ከ1918 ጀምሮ ባስተማረው መንገድ አየር ወደ አንጎል ክፍተት ማስገባት ነበረበት፤ የሚያስከትለው ራስ ምታትና ትውከት ከበሽታው የባሰ የሆነባቸው ሕሙማን ብዙ ናቸው። ሃውንስፊልድና ኮርማክ በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ፤ ሁለቱም የሕክምና ትምህርት የሌላቸው ሰዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው። ሲቲ ስካን ከመጣ ወዲህ ምስሉ ጥላ መሆኑ ቀርቷል ይባላል፤ አካሉን ተቆርጦ እንደተዘረጋ አድርጎ ያሳያል፣ ከዚያም በላይ ኤም አር አይ ሥጋን ከሥጋ ይለያል። ማረጋገጫ ይፈልግ የነበረው የድሮው ድብዝዝ ፊልም ነው፤ የዛሬው ራሱ ማረጋገጫ ሆኗል። በከፊል እውነት አለው። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶበት ለመጣ ሰው የሲቲ ስካን ምስል ዛሬ ሌላ ምስክር አይጠብቅም፤ ለምን ቢባል ምስክሩ አስቀድሞ፣ በአስከሬንና በቀዶ ጥገና፣ በሺዎች ጊዜ ተሰምቶ አብቅቷል። በሌላ ጥያቄ ላይ ግን ጥራቱ የቲመስን ስሕተት መልሶ አመጣው። ወገቡን የሚያመው ሰው ኤም አር አይ ሲነሣ በአከርካሪው አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ አብጦ ወይም ወጥቶ ሊታይ ይችላል፤ ሕመሙ የመጣው ከዚያ ነው ይባላል፣ አንዳንዱም ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። በ1994 የአሜሪካ ሐኪሞች ወገባቸውን አሟቸው የማያውቁ 98 ሰዎችን በኤም አር አይ አነሡ። ሁሉም ዲስካቸው ደህና ሆኖ የተገኘው 36 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው። ዲስኩ በእርግጥ አብጧል፤ ምስሉ አልዋሸም። ጤነኛ ሰው ምን እንደሚመስል ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው ያሳሳተው፤ ልክ እንደ ሕፃናቱ ቲመስ። ከኤም አር አይ መሥራቾች አንዱ የሆነው ሬይመንድ ዳማዲያን በ1971 ከአይጦች ዕጢ በለካው የማግኔት ቁጥር ብቻ ካንሰርን ከጤነኛ ሥጋ መለየት ይቻላል ብሎ የያዘው ተስፋም በኋላ ሲፈተን ቁጥሮቹ እርስ በርስ ስለተደራረቡ በዚያ መልኩ አልጸናም።

ሌላው ተቃውሞ ከድህነት የሚነሣ ነው፤ እኛን የሚመለከተውም ይህ ነው። ማረጋገጫ፣ ሁለተኛ አንባቢ፣ የጤነኞች መዝገብ የሚባለው የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ማሽኑ በሌለበት ቦታ ስለ ማረጋገጫ መነጋገር ጤፍ ሳይዘራ ስለ እንጀራ አጋገር መሟገት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። የሳንባ ነቀርሳ ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል። በ1974 የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በተሽከርካሪ እየተዞረ ሕዝብን በጅምላ ራጅ ማንሣት መተው አለበት አለ። ወጪው ከባድ ነበር፤ በሽታው በቀነሰባቸው አገሮች ፊልሙ ከሚያገኘው ታማሚ ይልቅ በከንቱ የሚያስጨንቀው ጤነኛ በዛ፤ በድሃ አገሮች ደግሞ አክታን በማይክሮስኮፕ ማየት ርካሽና እርግጠኛ ነበር። ራጅ ከነቀርሳ ቁጥጥር ፊት ተነሥቶ ወደ ጓዳ ገባ። ከአርባ ዓመት ያህል በኋላ ግን ድርጅቱ ራጅን ለነቀርሳ ማጣሪያ መልሶ መምከር ጀመረ። በመካከሉ ምን ተለወጠ? ፊልሙ ዲጂታል ሆኗል፤ እርሱ ረድቷል። ዋናው ለውጥ ግን በ2010 መጨረሻ ድርጅቱ የተቀበለው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ ምርመራ ነው፤ በሁለት ሰዓት ገደማ የባክቴሪያውን ዘረ መል አግኝቶ ይናገራል፤ መድኃኒት የተላመደ መሆኑንም ይጠቁማል። ራጁ አሁን ብቻውን ፍርድ እንዲሰጥ አይጠየቅም፤ ማን አክታ መስጠት እንዳለበት ይመርጣል፣ አክታው ደግሞ ይፈርዳል። ኢትዮጵያ ነቀርሳ ከጸናባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት፤ በእንዲህ ያለ አገር ማረጋገጫው ከማሽኑ በኋላ የሚመጣ ጌጥ አይደለም፣ ማሽኑን ጠቃሚ ያደረገው እርሱ ነውና። በአንድ ጥላ ምክንያት ብቻ ለስድስት ወር የነቀርሳ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ወጪውም ጉዳቱም የሚወድቀው በድሃው ላይ ነው።

በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት አንድ እርምጃ ጨመረ፤ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የደረት ራጅን ከሰው አንባቢ ይልቅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሊያነበው እንደሚችል ተቀበለ። የራዲዮሎጂ ሐኪም ከከተማ ውጭ ለማይገኝባቸው አገሮች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሩሻልሚ የለካውን የዓይን መዋዠቅም ይቀንሳል፤ ፕሮግራሙ ያንኑ ፊልም ሁለት ጊዜ ቢያነብ ሁለት የተለያየ መልስ አይሰጥምና። የሚሰጠው ግን አለ ወይም የለም የሚል ቃል አይደለም፤ ፊልሙ ነቀርሳ የመሆን ዕድሉን የሚያመለክት ነጥብ ነው። ከስንት ነጥብ በላይ ያለው ሰው አክታ ይስጥ የሚለውን መስመር ፕሮግራሙን የሸጠው ኩባንያ ለሁሉም አገር አንድ አድርጎ ሊያሰምረው አይችልም። ቀድሞ ነቀርሳ ይዞት ድኖ ሳንባው ላይ ጠባሳ የቀረበት ሰው በበዛበት አካባቢ፣ ወይም ኤች አይ ቪ በተስፋፋበት፣ ያው ነጥብ ሌላ ትርጉም አለው። ስለዚህ መመሪያው እያንዳንዱ አገር የራሱን ሰዎች ራጅ አንሥቶ፣ ከእነዚያው ሰዎች አክታ ወስዶ፣ ሁለቱን አስተያይቶ መስመሩን ራሱ እንዲያሰምር ያሳስባል። መስመሩም አንዴ ተሰምሮ የሚቀር አይደለም፤ ፕሮግራሙ በታደሰ ቁጥር፣ ወይም የሚመረመረው ሕዝብ በተለወጠ ቁጥር፣ ራጁና አክታው እንደገና መተያየት አለባቸው።